የሃይማኖትና የፖለቲካ ፊልሞች፦ የትኛውን እናስቀድም?

ሃይማኖትና ፖለቲካ የሚገናኙባቸውን ፊልሞች በደረጃ ለመደርደር የሚነሳ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ሳያውቀው የሚደረድረው የራሱን አቋም ነው። አማኙ ለእምነቱ የሞተ ሰማዕት ያለበትን ፊልም አንደኛ ያደርጋል። ሃይማኖት ከመንግሥት ሥራ እጁን ይሰብስብ የሚለው ደግሞ የሃይማኖት አባቱ ጨካኝ ሆኖ የተሳለበትን ያስቀድማል። ከዚያ ክርክሩ ፊልሞቹን ትቶ ወደ ሰዎቹ ይዞራል፤ አንዱ የሌላውን ዝርዝር በቅጡ ሳይሰማ ይለያያሉ።

ይህን ዓይነት ፊልም አጥብቄ ስለምወድ ነገሩ እንዲህ ሲባክን ያሳዝነኛል። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው አባባል ትልቅ እውነት ይዟል። ይሁን እንጂ የግሉና የጋራው የሚላተሙበት ቀን ይመጣል። ንጉሡ «ማሉልኝ» ይላል። ወታደሩ ቤተ ክርስቲያኑን ካምፕ ያደርገዋል። የታጠቀ ሰው ከተማ ገብቶ ዘፈን ክልክል ነው ብሎ ያውጃል። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው ፊልሞች እንዲህ ባሉ ቀኖች ላይ የቆሙ ናቸው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ለማወዳደር ስል የአንዳንዶቹን መጨረሻ መንካት ግድ ሆኖብኛል፤ አብዛኞቹ ግን በታወቀ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ መጨረሻቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው።

በምን እንለካቸው?

ዋናው መለኪያዬ አንድ ነው፦ ፊልሙ ለማይደግፈው ሰው ምን ያህል ፍትሐዊ ነው? አምባገነኑን፣ አክራሪውን፣ አድርባዩን ጳጳስ ቀርቦ ያሳየናል ወይስ ከሩቅ? ሰውየው በራሱ አንደበት የሚያሳምን ነገር ይናገራል ወይስ እንድንጠላው ብቻ ነው የመጣው? ይህን የምለው ለጨዋነት ስል አይደለም። ሃይማኖት በፖለቲካ ውስጥ ጉልበት የሚያገኘው ቅን ሰዎችን ጭምር ስለሚያሳምን ነው። ያንን የማሳመን ኃይል ያላሳየ ፊልም ጉዳዩን ገና አልነካውም።

ሁለተኛው መለኪያ ሥልጣን በተግባር የሚሠራበትን መንገድ ማሳየቱ ነው፤ መሐላውን፣ ፊርማውን፣ ችሎቱን፣ የመራጮች መዝገቡን። ስለ እምነትና ስለ ነፃነት በጥቅሉ የሚሰብክ ፊልም ቶሎ ይረሳል። ሦስተኛው ሲኒማነቱ ነው፦ ድምፁን ዘግታችሁ ብታዩት ምን ይቀራል? ሽልማትን ከመለኪያ አላስገባሁም።

የመጀመሪያው መለኪያ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከዝርዝሬ ታች ያለውን «ኢንሄሪት ዘ ዊንድ»ን (1960፣ ስታንሊ ክሬመር) እንውሰድ። መነሻው በ1925 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ፣ ዝግመተ ለውጥን አስተምሯል ተብሎ በተከሰሰው መምህር ጆን ስኮፕስ ላይ የተካሄደው ችሎት ነው። ስሞቹ ተለውጠዋል። ስፔንሰር ትሬሲና ፍሬድሪክ ማርች ፊት ለፊት ሲከራከሩ ዓይን አይነቀልም። ችግሩ ያለው የሃይማኖቱ ተሟጋች ላይ ነው። ገጸ ባሕርዩ የተቀዳበት ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ፣ ለገበሬውና ለሠራተኛው የቆመ ፖለቲከኛ ነበር። ዝግመተ ለውጥን ከተቃወመባቸው ምክንያቶች አንዱም ብርቱው ደካማውን እንዲረግጥ ሰበብ ይሰጣል የሚል ስጋት ነው። ፊልሙ ይህን ስጋት ወደ ጎን ትቶ ጯሂና ጉረኛ አደረገው። እውነተኛው ስኮፕስ ሕጉን በፍርድ ቤት ለመፈተን ፈቅዶ የተከሰሰ ሰው ነበር፤ አልታሰረም፤ የተፈረደበትም 100 ዶላር ቅጣት ነው። በፊልሙ ግን እስር ቤት ገብቶ፣ ከውጭ ሕዝብ ይጮህበታል። ሥራው በዘመኑ የነበረውን የኮሚኒስት አደን ለመተቸት የታሰበ እንደነበር ስለምረዳ ዓላማውን አከብራለሁ። ሆኖም ብራያንን ያሸነፈው ክርክሩን ቀንሶበት ነው። በ415 በእስክንድርያ ስለተገደለችው ፈላስፋ ሂፓቲያ የተሠራው «አጎራ» (2009) ምስሉ እጅግ ያማረ ሆኖ ሳለ በዚሁ ጉድለት ይወድቃል፤ ጥቁር የለበሱት መነኮሳት ከላይ ሲታዩ እንደ ጉንዳን ነው የሚርመሰመሱት፣ አንዳቸውም ለምን እንዳመኑ አይነግሩንም ማለት ይቻላል።

ንጉሡን እምቢ ያሉት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ዓለም ንጉሡን እምቢ ያለ ሰው መከላከያው ምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ በሁለት ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት ፊልሞች አሉ፤ ሁለቱም ከቴአትር የተወሰዱ፣ ሁለቱም ከእንግሊዝ ታሪክ የተቀዱ። «ቤኬት» (1964፣ ፒተር ግሌንቪል) እና «ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ» (1966፣ ፍሬድ ዚነማን)።

በ«ቤኬት» ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ የልብ ወዳጁን ቶማስ ቤኬትን በ1162 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ያደርገዋል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በእጄ ትገባለች ብሎ። ወዳጁ ግን ሹመቱን ከምሩ ይይዘዋል። ፒተር ኦቱል ንጉሡን ሲጫወት ፖለቲካው የተከዳ ወዳጅ ቁስል ይሆናል፤ ሪቻርድ በርተን ደግሞ ቀዝቃዛ፣ የማይነበብ ፊት ይዞ ይቆማል። ትወናው በእርግጥ ትልቅ ነው። የማይመቸኝ ሌላ ነገር ነው። በታሪክ ሁለቱን ካጣሉት ጉዳዮች ዋነኛው፣ ወንጀል የሠራ ካህን በንጉሡ ፍርድ ቤት ይዳኝ ወይስ በቤተ ክርስቲያን የሚለው ነበር። በዚህ ጥያቄ እኔ ከንጉሡ ጎን እቆማለሁ፤ ቀሚስ ለብሷል ተብሎ ከጋራ ሕግ የሚያመልጥ ሰው ሊኖር አይገባም። ፊልሙ ይህን የንጉሡን ክርክር በቅጡ ሳያሰማን ወደ ጓደኝነቱ ይሮጣል። ቤኬት በ1170 ታኅሣሥ በገዛ ካቴድራሉ ሲገደል እናለቅሳለን፤ ስለ ምን እንደተጣሉ ግን ረስተናል። ከኖርማን ቤተሰብ የተወለደውን ቤኬትን ሳክሰን ማድረጉም ጉዳዩን ወደ ገዢና ተገዢ ጎሣ ታሪክ ያዞረዋል።

«ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ» ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቶማስ ሞር ሰማዕት መሆን የማይፈልግ የሕግ ሰው ነው። ሄንሪ 8ኛ ሚስቱን ለመፍታት ከሮም ተለይቶ ራሱን የቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ፤ ባለሥልጣናቱም በመሐላ እንዲያጸኑለት ተጠየቁ። ሞር አይምልም። ለምን እንደማይምልም አይናገርም። መከላከያው ይኸው ነው፤ በሕግ ዝምታ እንደ መስማማት ይቆጠራልና በዝምታው ሊከሰስ አይችልም። መንግሥት ይህን ግድግዳ የሚያፈርሰው በሐሰት ምስክር ነው፤ ምስክሩም ቀድሞ ሹመት ፍለጋ የሞርን ደጅ ሲጠና ያየነው ወጣት ነው። ሥልጣን ሰውን በምን ዋጋ እንደሚገዛ ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ ፊልም ብዙ አላውቅም። ሞር ከአማቹ ጋር የሚያደርገው ክርክርም አለ፤ ሰይጣንን ለመያዝ ሲባል ሕግን ሁሉ መጣስ ይገባል ለሚለው ወጣት፣ ሰይጣኑ ዞር ብሎ ሲመጣብህ በምን ትጠለላለህ ብሎ ይመልስለታል። ይህን ትዕይንት ለአማኝም ለማያምንም እኩል የማሳየው፣ ሁለቱም ያለ ሕግ ማሸነፍ የሚያጓጓቸው ጊዜ ስላለ ነው።

አንድ ከባድ ነቀፋ ግን አለኝ። ሞር ከ1529 እስከ 1532 የአገሪቱ ቻንስለር በነበረበት ጊዜ መናፍቃን የተባሉ ፕሮቴስታንቶችን አጥብቆ አሳድዷል፤ በዘመኑም ሰዎች በእሳት ተቃጥለዋል። ለራሱ ሕሊና አንገቱን የሰጠ ሰው ለሌሎች ሕሊና ያን ቦታ አልሰጠም። ፊልሙ ይህን ቢያካትት ኖሮ ሞር አያንስም ነበር፤ ጥያቄው ግን እጥፍ ይከብድ ነበር። በእኔ ደረጃ ይህ ዝምታ ከሁለተኛነት አውርዶታል።

ከተገፉት ጎን

እዚህ ሦስት ፊልሞች አሉ፤ «ዘ ሚሽን» (1986፣ ሮላንድ ጆፌ)፣ «ሮሜሮ» (1989፣ ጆን ዱዊጋን) እና «ሰልማ» (2014፣ ኤቫ ዱቨርኔይ)።

«ሮሜሮ» ቀላሉ ነው፤ ክፉ ለማለት አይደለም። ኦስካር ሮሜሮ በ1977 የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ማንንም የማያስከፋ፣ መጽሐፍ ወዳድ ሰው ተብሎ ነበር። ወዳጁ የነበረው ካህን ሩቲሊዮ ግራንዴ በዚያው ዓመት ተገደለ፤ ሮሜሮም ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጋቢት 23 ቀን 1980 ወታደሮቹ ሕዝባቸውን መግደል እንዲያቆሙ በእግዚአብሔር ስም አዘዘ፤ በማግሥቱ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ ተገደለ። ራውል ሁሊያ ለውጡን በፊቱ ላይ በትዕግሥት ያሳየናል። ወታደሮች የያዙት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ ቅዱስ ቁርባኑን ለማውጣት የሚሞክርበት፣ ተባርሮ የሚወጣበት፣ ከዚያ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ሕዝቡን አስከትሎ የሚመለስበት ትዕይንት ብቻውን ፊልሙን ያስከብራል። ባለጸጎቹና መኮንኖቹ ግን እንደ ካርቶን የተቆረጡ ናቸው። አንድም መኮንን በሕሊናው ሲታገል አላየሁም።

«ዘ ሚሽን» ተቃራኒ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የኤንዮ ሞሪኮኔን ሙዚቃና ፏፏቴውን ነው። በ1750 ስፔንና ፖርቱጋል በደቡብ አሜሪካ ድንበር ሲከፋፈሉ፣ ኢየሱሳውያን ካህናት ከጓራኒ ሕዝብ ጋር የመሠረቷቸው መንደሮች ባሪያ ፈንጋዮች ወደሚነግሡበት ወገን ይዛወራሉ። አንዱ ካህን ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ፣ ሌላው ሰይፍ አንሥቶ ይሞታሉ። ሰዎች ከፊልሙ ሲወጡ የሚከራከሩት ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር በሚለው ነው። እኔ ግን ዓይኔ ያለው ከሮም በተላከው ካርዲናል ላይ ነው። ይህ ሰው መንደሮቹን ዞሮ አይቷል፤ ፍትሕ የት እንዳለ ያውቃል፤ ነገር ግን የኢየሱሳውያን ማኅበር በአውሮፓ እንዳይፈርስ ሲል በመንደሮቹ ላይ ይፈርዳል። ማኅበሩ በ1773 በሮማው ጳጳስ ትእዛዝ እንደፈረሰ የሚያውቅ ተመልካች የዚያ ፊርማ ከንቱነት ያንገበግበዋል። ተቋምን ለማዳን እውነትን መሸጥ ምን እንደሚመስል ያለ ስድብ፣ በሐዘን ያሳየ ገጸ ባሕርይ ነው። የፊልሙ ትልቁ ድካም ጓራኒዎቹ ራሳቸው እምብዛም አለመናገራቸው ነው፤ ስለ ዕጣቸው የሚከራከረው ሌላው ሁሉ ሲሆን እነሱ በአብዛኛው ይሞታሉ ብቻ።

ከሦስቱ «ሰልማ»ን፣ በ1965 በአላባማዋ ሰልማ ከተማ ጥቁሮች ለመምረጥ መብት የወጡትን ሰልፍ የሚተርከውን፣ የማስቀድመው በሁለተኛው መለኪያ ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ጥቁር ሴት ለመምረጥ ልትመዘገብ ትመጣለች። መዝጋቢው የሕገ መንግሥቱን መግቢያ በቃልሽ በይ ይላታል፤ ትላለች። በግዛቱ ስንት የካውንቲ ዳኞች አሉ? 67። ስማቸውን ጥሪ። በዚህ አንድ ትዕይንት የአላባማ ግዛት ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያስወጣበት መንገድ በሙሉ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ፓስተሮቹ ሲሰበሰቡ የሚያወሩት ስለ መንግሥተ ሰማያት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሸሪፍ በካሜራ ፊት ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል የሚለውን ጭምር ያሰላሉ። እምነትና ስልት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊልሙም በዚህ አያፍርም። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሁለተኛው ሰልፍ ድልድዩ ላይ ተንበርክኮ ጸልዮ ሕዝቡን ይዞ ሲመለስ፣ ጸሎት ነው ወይስ ስሌት የሚለውን ጥያቄ ተከታዮቹ ራሳቸው ያነሱበታል። የንግግሮቹ መብት በሌላ እጅ ስለነበረ ዳይሬክተሯ በኪንግ አነጋገር አዲስ ንግግሮችን መጻፍ ነበረባት፤ ይህም ለፊልሙ በጀው፤ በልባችን የምናውቀውን ንግግር ከመጠበቅ ይልቅ የሚናገረውን እናዳምጣለን። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከነበሩት በላይ እምቢተኛ ሆነው ተስለዋል የሚለው ትችት ተገቢ ይመስለኛል። በእኔ መለኪያ ነጥብ ያስጥለዋል።

ሃይማኖት ዙፋኑን ሲይዝ

እዚህ ምድብ ላይ ሚዛን መጠበቅ ከሁሉ ይከብዳል። ጨቋኙ በእግዚአብሔር ስም ሲናገር ተመልካቹ ወይ እምነቱን በሙሉ ይጠላል ወይ እምነቱ ተሰደበ ብሎ ፊልሙን ይዘጋል። ሦስቱም ፊልሞች ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጡት በየራሳቸው መንገድ ነው።

«ፐርሰፖሊስ» (2007፣ ማርጃን ሳትራፒና ቪንሰንት ፓሮኖ) በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ የተሳለ አኒሜሽን ነው፤ የ1979ኙን የኢራን አብዮት በአንዲት ሕፃን ዓይን ያሳያል። ጥንካሬው ከሻሁ፣ አብዮቱ ከጣለው ንጉሥ፣ ዘመን መጀመሩ ነው። የተወደደው አጎት በሻሁ ዘመን ታስሯል፣ በአብዮቱ ይፈታል፣ አዲሱ መንግሥት ደግሞ ይገድለዋል። ልጅቱ ከእግዚአብሔር ጋር ታወራለች፤ በተጎዳችም ጊዜ ታባርረዋለች። ስለዚህ ፊልሙ እምነትን ለገዢዎቹ አሳልፎ አይሰጥም። የአብዮቱ ጠባቂዎች ግን ጥላ ሆነው ቀርተዋል። የሕፃን ዓይን ነውና እቀበለዋለሁ፣ ሆኖም እነዚያ ጥላዎች ትናንት ሰልፍ የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ እንዴት እዚያ እንደደረሱ ማወቅ እፈልግ ነበር።

ያን ጥያቄ የሚመልሰው «አል መሲር» (1997) ነው። ግብፃዊው ዩሱፍ ሻሂን የ12ኛውን ክፍለ ዘመን ፈላስፋና ዳኛ ኢብን ሩሽድን ይዞ፣ ዘፈንና ጭፈራ ያለበት የፖለቲካ ፊልም ሠራ። ከሊፋው ለጦርነቱ ድጋፍ ሲል አክራሪዎቹን ያቀርባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የገዛ ልጁን ይወስዱበታል። ወጣቱ እንዴት እንደሚታደን ደረጃ በደረጃ እናያለን፤ መጀመሪያ ይሞገሳል፣ ከዚያ ከወዳጆቹ ይነጠላል፣ በመጨረሻ ለሞት ይዘጋጃል። ኢብን ሩሽድ በ1195 ተግዞ መጻሕፍቱ መቃጠላቸው እውነተኛ ታሪክ ነው። ፊልሙ አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ ክፉዎቹ ከሩቅ ይታወቃሉ። ሻሂን ግን ከዚህ ፊልም ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ሥራው በሃይማኖት ክስ ከሲኒማ ቤት ተነሥቶበት ነበርና፣ ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። «ቲምቡክቱ» (2014፣ አብዱራህማን ሲሳኮ) በ2012 ታጣቂዎች የያዟትን የማሊ ከተማ ያሳያል፤ የተቀረጸው ግን በጸጥታ ምክንያት በአብዛኛው በሞሪታኒያዋ ዋላታ ነው። ሙዚቃ፣ እግር ኳስ፣ ሲጋራ ክልክል ነው። ልጆቹ ያለ ኳስ ይጫወታሉ፤ ይቀባበላሉ፣ ይመታሉ፣ ጎል ሲገባ ይጨፍራሉ፤ ሜዳው ላይ ኳስ የለም። ድምፁን ብትዘጉት እንኳ አንድ ነገር አይጎድለውም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ታጣቂዎቹ የተሳሉበት መንገድ ነው። ኳስ የከለከሉት ራሳቸው ጥግ ይዘው ስለ ታዋቂ ኳስ ተጫዋቾች ይከራከራሉ። አንዱ አለቃ ከአሸዋ ክምር ጀርባ ተደብቆ ያጨሳል፤ ሾፌሩ ደግሞ እንደሚያጨስ ሁሉም ሰው ያውቃል ይለዋል። ለቪዲዮ መልእክት የሚቀረጽ ወጣት ቃሉን በቅጡ ያውቀዋል፤ እምነቱ ግን ፊቱ ላይ አይመጣለትም። እነዚህ ሰዎች አያስቁም፤ ልብ ይሰብራሉ፤ ምክንያቱም በማግሥቱ በዚያው እጃቸው ሰው ይገርፋሉ። ዘፍና የተያዘች ሴት ስትገረፍ ለቅሶዋ ወደ ዘፈን ይለወጣል።

የሥልጣኑም አሠራር አልተረሳም። ገዢዎቹ ከሕዝቡ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው፤ ይህ ብቻውን ከየት እንደመጡ ይናገራል። ዓሣ ሻጯ ጓንት አድርጊ ስትባል፣ በጓንት ዓሣ እንዴት ይታጠባል ብላ ቢላዋውን ትዘረጋለች፤ ሕግ ከሥራ ጋር ሲላተም ምን እንደሚሆን በአንድ ደቂቃ ይታያል። መሣሪያና ጫማ ይዘው መስጊድ የገቡትን የሚያስወጣቸው የከተማዋ ኢማም ነው። ርኅራኄው የት አለ፣ ይቅርታውስ ብሎ የሚሞግታቸውም እሱ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ የተጋጩት ሃይማኖትና ነፃነት ብቻ አይደሉም፤ ከተማዋ ለዘመናት የኖረችበት እስልምናና በመኪና ተጭኖ የመጣው ትእዛዝ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ የሚፈረድበት እረኛ በእርግጥ ሰው ገድሏል። ሳያስበው ቢሆንም ገድሏል። ዳኛው ለሟቹ ቤተሰብ ካሣ ሲጠይቅ የሚናገረው ነገር ፈጽሞ እብደት አይደለም። ሲሳኮ ንጹሕ ተበዳይ አቅርቦ ሥራውን ማቅለል ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

እጅና ጓንት

አንድሬይ ዝቪያጊንትሴቭ በ2014 የሠራው «ሌዋታን» ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ዙፋን ላይ አልተቀመጠችም፤ ከዙፋኑ አጠገብ ቆማለች። በሰሜን ሩሲያ የባሕር ዳርቻ የሚኖር መካኒክ ቤቱንና መሬቱን ከንቲባው ሊወስዱበት ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔው በፍጥነትና ያለ ስሜት ሲነበብ መስማት ከማንኛውም የማሠቃያ ትዕይንት ይከብዳል። ከንቲባው ሲፈሩ ወደ ጳጳሱ ይሄዳሉ፤ ጳጳሱም ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው፣ ኃይልህን ተጠቀም ይሏቸዋል። ጳጳሱ አይጮሁም፣ አይዝቱም፤ ምሳ ይጋብዛሉ። ደግሞም ፊልሙ ሌላ ካህን አለው፤ ዳቦ ተሸክሞ የሚሄድ የመንደር ቄስ፣ ለተበደለው ሰው የኢዮብን ታሪክ የሚነግረው። አንድ እምነት፣ ሁለት አገልጋይ። በከንቲባው ላይ ግን ፊልሙ ትንሽ ይበዛበታል፤ ስካራቸውና ስድባቸው ሥራውን ያቀልላቸዋል።

በሁለት ጠመንጃ መካከል

«ኦፍ ጎድስ ኤንድ ሜን» (2010፣ ዛቪየ ቦቯ) የፖለቲካ ፊልም አይመስልም። በአልጄሪያ ቲብሂሪን ገዳም የሚኖሩ ፈረንሳውያን መነኮሳት በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል እንሂድ ወይስ እንቅር ብለው ይመካከራሉ። በ1996 ሰባቱ ተወስደው ተገደሉ። ፊልሙ አሟሟታቸውን አያሳይም፤ የሚያሳየው ስብሰባቸውን ነው። መጀመሪያ ሐሳባቸው ይለያያል፤ አንዱ ልሂድ ይላል፣ ሌላው በግልጽ እንደሚፈራ ይናገራል፣ አለቃቸውም ብቻውን በመወሰኑ ይወቀሳል። ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማኅበር እንዴት በነፃነት አንድ ውሳኔ ላይ እንደሚደርስ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ለፍትሐዊነቱም አንድ ትዕይንት ይበቃል። በገና ዋዜማ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ሐኪሙን የጠየቃቸው የታጣቂዎች አለቃ፣ የገዳሙ አለቃ ከቁርኣን ጠቅሶ ሲመልስለት አክብሮ ይሄዳል። ኋላ ያ ሰው ተገድሎ ሬሳው ሲቀርብ፣ መነኩሴው ይጸልይለታል፤ የሠራዊቱ መኮንን በዚህ ይቆጣል። ከዚያ በኋላ መነኮሳቱ በሁለቱም ወገን ተጠርጣሪ ናቸው። የመንደሩ ሙስሊሞች ደግሞ የገዳሙ መኖር ለእነሱ መደገፊያ እንደሆነ ይነግሯቸዋል።

የኔ ተራ፣ የእናንተ ተራ

«ቲምቡክቱ» አንደኛ፣ «ኦፍ ጎድስ ኤንድ ሜን» ሁለተኛ ናቸው። ሦስተኛው ላይ «ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ» እና «ሌዋታን» ብዙ አታግለውኛል፤ የሞርን የሕግ ክርክር ስለማይረሳኝ እሱን አስቀደምኩ። «ሰልማ» አምስተኛ ነው። «ዘ ሚሽን» በካርዲናሉ ምክንያት ስድስተኛ፣ ቀጥሎ «አል መሲር» እና «ፐርሰፖሊስ»፤ የሁለቱ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ አልከራከርም። «ሮሜሮ»፣ «ቤኬት»፣ «ኢንሄሪት ዘ ዊንድ» እና «አጎራ» ይከተላሉ። ስለ ጋንዲና ስለ ማልኮም ኤክስ የተሠሩትን ሁለት ታላላቅ ፊልሞች ያላስገባሁት ከሦስት ሰዓት የሚያልፍ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ስለሆኑ ነው፤ ከእነዚህ ጋር ማወዳደር አይሆንም።

የራሳችሁን ዝርዝር ስትሠሩ ከአሥር ነጥብ አትስጡ። ሁለት ሁለቱን አጋጥሙና፣ «በሃይማኖትም በፖለቲካም ከእኔ ለሚለይ ሰው አንዱን ብቻ ባሳየው የቱን እመርጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የእኔንም ዝርዝር አተራምሶታል፤ «ኢንሄሪት ዘ ዊንድ» ከላይ ወደ ታች የወረደው በእሱ ነው። ፊልሙን ባያችሁ ማግሥትም አትወስኑ፤ ሙዚቃና ለቅሶ ሲበርድ ነው ክርክሩ አብሯችሁ መቆየቱ የሚታወቀው።

ለዛሬ ምሽት ብቻ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ጊዜ ካጠራችሁ «ፐርሰፖሊስ» እና «ቲምቡክቱ» ሁለቱም ከ100 ደቂቃ በታች ናቸው። ከጎረምሳ ልጆች ጋር ከሆነ «ሰልማ»፤ ድብደባ አለበትና አብራችሁ እዩት። የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች አብረው የሚያዩት ከሆነ ያለ ማመንታት «ኦፍ ጎድስ ኤንድ ሜን»፤ የጸሎቱ ዜማ ረጅም ስለሆነ ቸኩሎ ለመጣ ሰው አይመችም፣ በዕረፍት ቀን ይሁን። የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ የሚያደክማችሁና እንግሊዝኛ የምትሰሙ ከሆነ «ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ»ን ውሰዱ። «ሌዋታን» ስካርና ብልግና ያለው ንግግር ስለሚበዛበት ከቤተሰብ ጋር አይታይም፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድና ከባድ ስለሆነም ሌላ ፊልም አትደርቡበት።